ጭላዳ፣ ጅብና የሼኮች ችሎት

ሁዳዴ ሲገባ አህያ ያለው ሰው የበረቱን በር ጠበቅ አድርጎ ቢዘጋ አይከፋም። ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ይከርማል፤ በየጓሮው የሚጣለው አጥንትና ሽሆና ይጠፋል። ሰው ይህን የሚያደርገው ለነፍሱ ብሎ ነው። ጅብ ግን የሚያውቀው የቆሻሻው ክምር መሳሳቱን ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ እየለቀሙ በውስጡ የቀረውን ፀጉር መረመሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር ድርሻ ከመቶ 15 ገደማ ነበር። በጾሙ ወቅት 33 ደረሰ። ፋሲካ አልፎ ሥጋ ቤቶች ሲከፈቱ ወደ 22 ዝቅ አለ። ጅብ ባሕረ ሐሳብ አያሰላም፤ ሰው ምን እንደሚጥልና መቼ እንደሚጥል ግን ያሰላል።

ከሚሴ ከተማ ላይ ቢሆን ስሌቱ ይከብደው ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ሁዳዴ ከተማውን ከሥጋ አያቆራርጠውም። ረመዳን ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ቀን ቢጾምም ማታ ሥጋው አይቀርም።

እንዲህ ያለው የእንስሳ ብልጠት ቡና ላይ ተጫውተውት ብቻ የሚያልፉት ወሬ አይደለም። ከኋላው አንድ አሮጌ ጥያቄ እየጎተተ ይመጣል። የሰው ደግነት ከየት መጣ? የማያውቁትን መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ማስገባት፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራት፣ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ መቆጣት ሰው ከአራዊት በላይ ሆኖ በመፈጠሩ የተሰጠው ነው? ወይስ ከአራዊት ጋር የሚጋራው፣ ቀስ በቀስ የበሰለ ጠባይ ነው? ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይንቲስቶች መልሱን በእንስሳት አእምሮ ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ከፈለጉባቸውም ቦታዎች አንዳንዶቹ ከከሚሴ ብዙ የራቁ አይደሉም።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት መሐሏን ያቋርጣል። በምዕራብ በኩል ደጋው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በምሥራቅ መሬቱ ወደ አፋር ይወርዳል። በመሐል የጨፋ ሜዳ አለ። ቦርከና የሚያጠጣው፣ በጋ ሲጠና የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ከብቱን ነድቶ የሚወጣበት፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከብቱን የሚያሰማራበት ረግረግ ነው። ቦርከና መጨረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ የሰው ዘር ጥንታዊ አጽም የሚወጣበት ሸለቆ። ከላይ ጭላዳ፣ ከታች ቅሪተ አካል፣ መሐል ላይ ጅብና ውሻ። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መቆሚያ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከላይኛው መጀመር ይሻላል። ከከሚሴ በስተደቡብ፣ ከአጣዬ አናት ላይ ባለው ደጋ የመንዝ ጓሳ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ የአገሩ ሰው የሣሩን አጨዳና ግጦሹን ራሱ በደነገገው ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ምድር ነው። ጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይበተናሉ፤ ቁጭ እንዳሉ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ሲጨርሱ ሳይነሱ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ከመሐላቸው ቀይ ቀበሮ ይገባል። አይሮጥም፤ አያደባም። ዝግ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ ያልፋል። ግልገል ያቀፈች እናት ጥቂት ሜትሮች ላይ እያየችው ሣሯን ትነጫለች።

ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ይህንን በጓሳ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙ። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25 ጊዜ ነው። በጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ። ምናልባት የጭላዳው ግርግር አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያወጣቸዋል፤ ምናልባትም በዚያ ሁሉ እንቅስቃሴ መሐል የቀበሮውን መምጣት አይለዩትም። ያም ሆነ ይህ ቀበሮው እዚያ የሚውለው ጥቅሙን አውቆ ነው፤ ጭላዳውን ላለማስበርገግ ሲል ጠባዩን ገርቷል።

ስምምነቱ ታዲያ ዝም ብሎ የሚዘልቅ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። አዋቂዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከሉት። ውሻ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቦታ የለውም፤ ጭላዳ ውሻ ካየ ወደ ገደሉ ይሸሻል። ቀበሮና ውሻ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ መልካቸውም ሩቅ አይደለም። ጭላዳው ግን የለያቸው በጠባያቸው ነው። ወዳጅና ጠላት የሚለውን ነገር በዘር ቆጥሮ አልደረሰበትም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ሣር ለሚግጥ እንስሳ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጅብ በአማርኛ ተረት የሆዳምና የሞኝ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባልበታል። ተረቱ ሳይታወቀው አንድ እውነት ይዟል፤ የጅብ ኑሮ በሙሉ በመታወቅ ላይ የቆመ ነው። በአንድ የጅብ መንጋ ውስጥ ሰማንያና ከዚያም በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሴቶቹ የወንዶቹ የበላይ ናቸው፤ ግልገል የእናቱን ደረጃ ይወርሳል፤ እያንዳንዱም ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ክሪስቲን ድሬአና አሊሳ ካርተር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ በካሊፎርኒያ በርክሌይ በግቢ ያደጉ ጅቦችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ፈተኗቸው። ከላይ ሁለት ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ጅቦች እኩል ካልሳቡ ምግቡ አይወርድም። ማንም አላሠለጠናቸውም። ግን ሳቡ፤ ምግቡም ወረደ። ቺምፓንዚዎች ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ብዙ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ሥራውን የለመደው ጅብ ከጀማሪ ጋር ሲጣመር ደግሞ እንቅስቃሴውን ለባልደረባው እንደሚመች ያስተካክል ነበር። የበላይነት የለመዱ ሁለት ሴቶች ሲጣመሩ ግን ሥራው ተበላሸ፤ እኔ ልግዛ እኔ ልግዛ ሆነ። ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው።

የጅብ ትብብር ወሰኑ ድረስ ነው። በሁለት መንጋ ድንበር ላይ የሚደረገው ፍልሚያ እስከ መገዳደል ይደርሳል። ሐረር ላይ ግን የተለየ ነገር አለ። በጁገል ግንብ ውስጥ ጅብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ከጥንት ተትቷል፤ ማታ ማታ በስማቸው እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሷቸው ሰዎች አሉ፤ በዓሹራ ሌሊት ደግሞ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ከጅቦቹ ጋር እየዋለና እያደረ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2015 በመጽሐፍ አውጥቷል። የሐረር ሰው ጅብ ክፉ መንፈስ ያርቅልኛል ብሎ ያምናል፤ ጅቡ በበኩሉ የሐረር ሰው ድንጋይ እንደማይወረውርበት ያውቃል። በሌላው አገር ሌሊት ሰው ሲያይ የሚደነብረው ይኸው አውሬ ነው።

አራዊት ከሰው ጋር መላመዳቸው ጠባያቸውን ብቻ ሳይሆን አካላቸውንም እንደሚለውጥ በግልጽ ያሳየው ሥራ የተጀመረው ሳይቤሪያ ውስጥ ነው። ዲሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1959 በኖቮሲቢርስክ አቅራቢያ ለቆዳቸው የሚረቡ ቀበሮዎችን ሰበሰበ። በየትውልዱ ሰው ሲቀርባቸው የማይነክሱትንና የማይሸሹትን ጥቂቶች ብቻ እየመረጠ አዋለዳቸው። ሌላ መስፈርት አልነበረውም። ጥቂት ትውልድ እንኳ ሳይርቅ ጭራ የሚቆሉ ቡችሎች ተወለዱ፤ ቆይቶም ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ጭራቸው የተጠቀለለ፣ ፀጉራቸው ዥጉርጉር የሆነ መጡ። ቤልያዬቭ ከሞተ በኋላ ሥራውን ሉድሚላ ትሩት ይዛ ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ቀበሮዎቹ መጀመሪያውኑ ከካናዳ የእርባታ ጣቢያዎች የመጡ እንደነበሩና ከመልክ ለውጡ የተወሰነው ቀድሞም ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል። ስለ ጆሮና ስለ ጭራ የሚነገረው ስለዚህ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ስለ ጠባዩ ግን የሚከራከር ብዙም የለም።

ብራያን ሄር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኦሪዮ የተባለ የቤተሰቡን ውሻ ይዞ ቀላል ነገር ሞከረ። ሁለት ዕቃ ይደፋል፤ ምግቡ ያለው ከአንዱ ሥር ነው፤ ሰውየው በጣቱ ይጠቁማል። ውሻው ወደተጠቆመው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ባልደረቦቹን ይዞ ባሳተመው ጥናት ከቺምፓንዚውም ከተኩላውም ይልቅ ጥቆማውን የሚረዳው ውሻ ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ጋር ብዙ ያልኖሩ ቡችሎችም ያውቁታል። ቺምፓንዚ በሌላ ፈተና ውሻን በብዙ ይበልጠዋል። ልዩነቱ፣ ሄር እንደሚለው፣ ከፍርሃትና ከቁጣ የተላቀቀ አእምሮ የሌላውን ሐሳብ ለማንበብ ጊዜ ማግኘቱ ነው።

በከሚሴም ሆነ በገጠሩ ውሻ ቤት አይገባም። በወሎ ሰፊ ተከታይ ባለው የሻፊዒ መዝሀብ ምራቁ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ቢሆንም እረኛው በጣቱ ያሳየውን በግ ለይቶ ይመልሳል፤ ሌሊት ከደጅ ሆኖ ይጮኻል። ቁርኣን ስለ ዋሻው ወጣቶች ሲተርክ ውሻቸውን ያስቀመጠው እዚሁ ቦታ፣ ደፉ ላይ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ነው። የነዚያ ወጣቶች ታሪክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትውፊትም የሚታወቅ ነው። ቁርኣን ከዚህም አልፎ በምድር የሚሄዱትና በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደ ሰው ሕዝቦች መሆናቸውን ያስተምራል። በሐዲስ ደግሞ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ የቀዳ ሰው ምሕረት ማግኘቱ ይነገራል።

በሌላው ወገን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አለ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የሚታሰቡት ጻድቅ በግራና በቀኝ አንበሳና ነብር ተከብበው ይታያሉ፤ ገድላቸው ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ይከተሏቸው ነበር ይላል። ለተመራማሪው ይህ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ በዚህ አገር ያሉት ሁለቱም ሃይማኖቶች እንስሳ አእምሮ የለውም ብለው አላስተማሩም። እንስሳ ስሜት የሌለው መኪና ነው ማለት ከአውሮፓ የመጣ ሐሳብ ነው፤ የዴካርት ዘመን ውርስ። ስለዚህ ደግነት በከፊል ከእንስሳ ጋር የምንጋራው ነገር ነው መባሉ አንድን ሼክ ወይም አንድን መሪጌታ የግድ ማስደንገጥ የለበትም። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እሱ ገና ብዙ ቡና ያስፈላል።

ወደ ቆላው ሲወረድ ማስረጃው ድንጋይ ይሆናል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የእጅ አጥንት አገኘ፤ ፍለጋው ቀጥሎ አርዲ የተባለችው አጽም ወጣች። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጥናቱ የታተመው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ነበር። ብዙው ሰው የጠየቀው በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ነው። ከእግሯ እኩል የሚገርመው ግን ጥርስ ነው። የወንድ ቺምፓንዚ የዉሻ ክራንቻ ረጅምና ከታችኛው ጥርስ ጋር እየተፋጨ የሚሳል ነው፤ ምግብ ለማኘክ የማያስፈልግ፣ ሌላውን ወንድ ለማስፈራራትና ለመቦጨቅ የተሠራ። በአርዲ ዘመን ግን የወንዱ ክራንቻ አጥሮ ከሴቷ ብዙም አይለይም። አንጎሏ ገና ከቺምፓንዚ አንጎል አይበልጥም፤ ድንጋይ መጥረብ አይታወቅም፤ ቋንቋ የለም። ጥርሱ ግን አስቀድሞ አጥሯል።

ኦወን ላቭጆይ ይህን ሲተረጉም ሴቶቹ ከሚጣላው ይልቅ ምግብ ይዞ የሚመጣውን ስለመረጡ ነው ይላል። ትርጉሙን የማይቀበሉ ብዙዎች ናቸው። ጥርሱን የማይቀበል ግን የለም፤ ገን ሱዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ለክተውት ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን አረጋግጠዋል። ይህ ከሆነ የሰው ልጅ ገርነት ከብልህነቱ በፊት የጀመረ ነው።

ከዚያው ሸለቆ፣ ከቡሪ አካባቢ፣ ሌላ ነገር ወጥቷል። ብርሃኔ አስፋው፣ ቲም ዋይትና ባልደረቦቻቸው በሄርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኟቸው የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ የእኛው ዝርያ ናቸው። የአዋቂው ቅል ትልቅና ጠንካራ፣ ቅንድቡ ጎላ ያለ ነው። አንደኛው ግን የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን ቅል ነው፤ ከሞተ በኋላ በድንጋይ ቢላ ሥጋው እንደተላጠ ምልክቱ አለ፤ ጎኖቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በእጅ ሲያዙ ከመቆየታቸው የተነሣ ልሰልሰዋል። የሞተ ልጅን ቅል ይዞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ነገር ግን አንድ ሰው ያንን ቅል ደጋግሞ ይይዘው ነበር።

ብራያን ሄርና ሪቻርድ ራንግሃም ከነዚህና ከሌሎች ማስረጃዎች ተነሥተው ሰው ራሱን ያላመደ እንስሳ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ያልመረጠው የቤት እንስሳ። ራንግሃም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መጽሐፍ የቁጣን ሁለት ዓይነት ይለያል። አንዱ ቶሎ የሚገነፍለው ነው፤ ገፋኸኝ ብሎ ዱላ የሚያስነሣ። ሌላው ታስቦበት፣ ተመክሮበት፣ ሌሊት ተጠብቆ የሚፈጸመው ነው። በመጀመሪያው ሰው ከቺምፓንዚ እጅግ የዋህ ነው፤ ሦስት መቶ የማይተዋወቁ ቺምፓንዚዎች በአንድ ገበያ ቢሰበሰቡ ማን ተርፎ ይወጣል? ባቲ ላይ ግን ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው በሬውን፣ አማራው እህሉን ይዞ ይገናኛል፤ ሲጨቃጨቁ ውለው ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ሰው አቻ የለውም። ራንግሃም እንዲያውም የመጀመሪያው የቀነሰው በሁለተኛው ምክንያት ነው ይላል፤ ደካሞች ተማክረው ጉልበተኛውን እየገደሉ፣ በሺህ ትውልድ ውስጥ ግልፍተኛው ዘር እየመነመነ ሄደ። የዋህነታችን የተወለደው ከሴራ ነው እንደማለት ነው። ግምት ነው፤ ግን የማያስደስት ግምት ስለሆነ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ሄር የሚወደው ምሳሌ ደግሞ ቦኖቦ ነው። ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ የሚኖረው ይህ የቺምፓንዚ ዘመድ ለማያውቀው ቦኖቦ ምግብ ሲያካፍል ታይቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት የቦኖቦ ወንዶች እርስ በርሳቸው ከቺምፓንዚዎቹ ይልቅ ደጋግመው እንደሚጣሉ አሳየ። የዋሁ ዘመዳችን ያን ያህል የዋህ አልነበረም፤ ለመግደል መተባበሩን ነው ያልለመደው።

ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ገርነት ለቡድን ከሆነ ጭካኔም ለቡድን ነው። ድብ ግልገሏ ሲነካ የምትከፋው ስለምትወደው ነው፤ ሰው ደግሞ «የእኛ» የሚለውን ክብ እጅግ ሰፊ አድርጎ በውስጡ ያሉትን ሁሉ እንደ ግልገል ሊጠብቅ ይችላል። ከከሚሴ እስከ አጣዬ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጸደይ መዳረሻ፣ ከዚያም በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚህ መስመር በተነሣው ግጭት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም በሰሜን ሸዋም ብዙ ሰው ሞተ፤ ከአጣዬ ከተማ አብዛኛው ነደደ፤ ሕዝብ በብዛት ተፈናቀለ። ዘመድ ለዘመዱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ደግ የነበረበት አገር ነው። ደግ ያልሆነ ሕዝብ እንዲህ ያለ ጥፋት ለመፈጸምም አንድነቱን አያገኝም፤ ይህን መናገር ቢከብድም የእንስሳቱ ጥናት የሚያመለክተው ወደዚያው ነው።

ታዲያ ሰው ከጭላዳና ከጅብ የሚለየው በምን ላይ ነው? አንድ ፍንጭ ከማካክ ዝንጀሮዎች መጥቷል። ጄሲካ ፍላክ፣ ፍራንስ ደ ቫልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ የማካክ መንጋ ጠብ የሚገላግሉትን ጥቂት ወንዶች ለጊዜው አወጧቸው። ጠቡ ጨመረ፤ ጨዋታውና መቀማመሉ ቀነሰ፤ መንጋው በየትንንሹ ተከፋፈለ። ሽምግልና ከሰው በፊት ነበረ ማለት ነው። ግን ያ ገላጋይ የሚገላግለው የራሱን መንጋ ነው። በሁለት መንጋ መካከል ቆሞ፣ ሁለቱም የሚሰሙት ማካክ ታይቶ አይታወቅም።

ይህ ነገር ያለው ጨፋ ላይ ነው። መሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚገኘውን የሼኮች ችሎት ዘርዝራ አቅርባለች። ደም የተቃቡ ሰዎች የሚመጡት ወደ አንድ የሱፊ መካነ ቅዱስ ነው። ሼኩ ፖሊስ የለውም፤ እስር ቤት የለውም። ያለው መሐላና የእርግማን ፍርሃት፣ ዱዓና ከአባት የወረሰው ክብር ነው። ገዳይ ወገን ያምናል፤ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል። የሚመጡት ደግሞ ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም፤ ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ሼኩን ባይከተልም እርግማኑን ይፈራል። በወሎና በአፋር አዋሳኝ ደግሞ አበጋር አለ፤ ውርስ የሆነ የሽምግልና ሥልጣን፣ ግጦሽና ውሃ ሲያጣላ ኦሮሞውን፣ አፋሩን፣ አማራውንና አርጎባውን በአንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጥ። መንጋው የተለያየ ነው፤ ገላጋዩ ግን አንድ ነው።

የጥያቄው መልስ ያለው እዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። ቁጣን መግታት፣ አብሮ መሳብ፣ ባለጠባዩን ከነጣቂው መለየት ከታች የመጣ ነው፤ ከአርዲም የሚቀድም ሊሆን ይችላል። «የእኛ» የሚለውን ክብ ጠላት እስከሚገባበት ድረስ መለጠጥ ግን በደም አልወረስነውም። እሱን የሠራው ሃይማኖት ነው፤ ሰው ከራሱ መንጋ በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያይ ዳኛ አለ ብሎ በማመኑ። በእርግጥ ይኸው እምነት ክቡን ለማጥበብም ሲያገለግል ታይቷል፤ ባለፉት ዓመታት ያየነው ይኸንንም ነው። ችሎቱ ግን ዕድሜ ያለው ነው፤ ከብዙ መንግሥት በፊት የነበረ፣ ብዙ መንግሥትም ያለፈበት።

የከሚሴ ወይም የባቲ የባዮሎጂ መምህር ይህን ካነበቡ አንድ ሐሳብ ይቀርብልዎታል። አርዲንና ሉሲን በሚያስተምሩበት ሳምንት የታሪክ መምህሩን ጠርተው ስለ ሼኮች ችሎትና ስለ አበጋር አብራችሁ አስተምሩ። ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ጠባይ ደግሞ ተማሪዎቹን ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ከብት ጠብቀው ያደጉ ናቸው።